ደንቡን ማን አወጣው?



በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዳማ ተጫውቶ የማያውቅ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። እንደገመትኩት ጥቂት ናችሁ። እናንተም ብትሆኑ በሰፈራችሁ ጥላ ስር ሁለት ሰው ተቀምጦ ሲጫወት፣ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ደግሞ «ብላው! ብላው እንጂ!» እያለ ሲያዋክብ ሳታዩ አልቀራችሁም። ገበታው ጣውላ ላይ በቀለም የተሰመረ ነው። ጠጠሩ ቆርኪ ነው፤ አንዱ ቆርኪውን በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው ይደረድራል። ለመጫወቻው ሳንቲም ያወጣ የለም። ገበጣም እንዲሁ ነው፤ ከእንጨት የተጠረበ ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘ መሬት ይቆፈርና ይጀመራል። ስለዚህ «መጫወቻ በቤት ይሠራል» ብዬ ብነሣ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

እኔ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ ደንቡ ነው። ቆርኪውን ራሳችን እንለቅማለን፣ ገበታውን ራሳችን እናሰምራለን፤ ደንቡን ግን ከታላላቆቻችን እንዳለ እንቀበላለን። «ወደ ኋላ አይበላም» ካሉን አይበላም። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካለም «ዝም ብለህ ተጫወት» ይባላል። እኔ ግን ያ ልጅ ደስ ይለኛል። ማንኛውም ደንብ መጀመሪያ ላይ የሆነ ሰው «እንዲህ ብናደርገውስ?» ያለው ነገር ነው፤ አብረውት የተቀመጡት ወደዱትና ደገሙት፣ ሲደጋገም ደንብ ሆነ። ይህን ጥያቄ መጠየቅና መልሱን ወረቀት ላይ መሞከር ለብዙ ዓመት የትርፍ ጊዜ ሥራዬ ነው። ገንዘብ አላመጣልኝም፤ ቅዳሜና እሑዴን ግን ሞልቶታል።

የጥንቱን ሰንጠረዣችንን እንውሰድ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ በሚታወቀው ቼዝ አንዱ አንድ ጊዜ ይሄዳል፣ ሌላው ይጠብቃል። በመኳንንቱ ግቢ ይዘወተር በነበረው ሰንጠረዥ ግን መክፈቻው ላይ ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን እንዳሻው፣ ባሻው ፍጥነት ጠጠሩን ያንቀሳቅሳል። ቸኩሎ የሚሰለፍ አለ፤ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ እጁን የሚሰበስብም አለ። ተራ በተራ መሄድ የሚጀመረው አንዱ ከተበላ በኋላ ነው። እስቲ አስቡት፤ ቼዝ ከህንድ ተነሥቶ አገር ላገር ሲዞር የኖረ ጨዋታ ነው፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን አንድ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው በተራ መጠበቁ ተሰላችቶ ደንቡን ለወጠው። እኔ ያንን ሰው የሙያ አባቴ አድርጌ ነው የማየው።

የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚህ ሰንጠረዥም ስለ ገበጣም በ1971 ጥናት አሳትመዋል። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የገበጣውን ጥናት ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚገርመው የአጨዋወቱ ዓይነት ብዛት ነው። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍ አለ፤ የቤቱ ቁጥር ይለያያል፣ የጠጠሩ ቁጥር ይለያያል፣ አበላሉም ይለያያል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? የእኔ ግምት ቀላል ነው፤ ጨዋታው በመጽሐፍ አልታሰረም፣ በሳጥን ተሽጎም አልተሸጠም። የወሰደው ሁሉ በራሱ ደጅ እንደሚመቸው አድርጎ ቆፈረው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ሞኖፖሊ የሚባለውን የገበታ ጨዋታ፣ በተለይ ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ሥሩ በአጭር ጽሕፈት ጸሐፊነት ትተዳደር የነበረች ሊዚ ማጊ የተባለች ሴት በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘችበት የባለርስቱ ጨዋታ ነው። ማጊ ሄንሪ ጆርጅ የተባለው የምጣኔ ሀብት ጸሐፊ አስተሳሰብ ተከታይ ነበረች። መሬት የያዘ ሰው ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሚከብር፣ ተከራዩ ደግሞ ሲሮጥ ውሎ እንዴት እንደሚደኸይ ሰው በጨዋታ እንዲያየው ፈለገች።

እኔን የሚማርከኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጨዋታው ለ30 ዓመት ያህል በዋናነት የተስፋፋው በእጅ እየተቀዳ ነው። ተማሪው ከመምህሩ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ያየውን ገበታ ቤቱ ሄዶ ጨርቅ ላይ ወይም እንጨት ላይ ይሥለዋል፤ ሲሥለውም የራሱን ከተማ ጎዳናዎች ስም ይጽፍበታል። አትላንቲክ ሲቲ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ የሚኖሩ ክዌከር የሚባሉ የሃይማኖት ማኅበር አባላት የከተማቸውን ሰፈሮች አስገቡበት። ቻርልስ ዳሮው የተባለ ሥራ ፈትቶ የነበረ ሰው ደግሞ ከወዳጆቹ ተማረው፤ ሙሻማ ላይ እየሣለ መሸጥ ጀመረ፤ በ1935 ፓርከር ብራዘርስ ለተባለው ኩባንያ የራሱ ፈጠራ አድርጎ ሸጠውና ከበረ። ለማጊ የፈጠራ መብቷ ሲገዛ የተከፈላት 500 ዶላር ነው። ሌባው የሚታወቀው ደግሞ በምን መሰላችሁ? ዳሮው የቀዳበት በእጅ የተሠራ ገበታ ላይ ማርቨን ጋርደንስ የተባለው ሰፈር በአንዲት ፊደል ስሕተት «ማርቪን» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ስሕተቱም አብሮ ተቀዳ፤ ኩባንያውም እንዳለ አተመው። ጨዋታ ስትቀዱ ከማን እንደቀዳችሁ ጥግ ላይ ጻፉ የምለው ለዚህ ነው። አለመጻፉ ደግሞም ነውር ነው።

ሁለተኛው ሰው አልፍሬድ በትስ ይባላል። በዚህ ሰው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በቤቱ ጨዋታ መፍጠር የሚፈልግ ሁሉ የአሠራሩን ዝርዝር ቢያውቅ ይጠቅመዋልና። በትስ ኒው ዮርክ ውስጥ የሕንጻ ንድፍ ባለሙያ ነበር፤ ኢኮኖሚው ሲወድቅ በ1931 ከሥራ ወጣ። ቁጭ ብሎ የነበሩትን ጨዋታዎች መረመረ። ጠጠር የሚያንቀሳቅሱ አሉ፣ በዕጣና በቁጥር የሚሄዱ አሉ፣ በቃል የሚሄዱ አሉ። የቃሉን ከዕጣው ጋር ላጋባው አለ፤ ተጫዋቹ ፊደላት በዕጣ ይደርሱታል፣ ከደረሱት ቃል ይሠራል። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊያስበው ይችላል። አስቸጋሪው ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ስንት ይሁን? ሁሉም እኩል ከሆነ ግማሹ ተጫዋች እጁ ላይ በእንግሊዝኛ እምብዛም የማያገለግሉ ፊደላት ይዞ ሲተክዝ ያመሻል።

በትስ ጋዜጣ አነሣ። የኒው ዮርክ ታይምስን የፊት ገጽ እየዘረጋ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ በእጁ ቆጠረ። ከዚያ ቆጠራ የመጣው ስሌት ዛሬም ስክራብል በሚባለው ጨዋታ ውስጥ አለ። 100 ቁራጮች ናቸው፤ «ኢ» የሚሉት ፊደል 12 ጊዜ አለና አንድ ነጥብ ያወጣል፤ «ኪው» አንድ ብቻ ናትና 10 ነጥብ ታወጣለች። አንድ ቦታ ላይ ግን በትስ ሆን ብሎ ከቆጠራው ወጣ። «ኤስ» በእንግሊዝኛ በጣም ብዙ ጊዜ የምትመጣ ፊደል ናት፤ እሱ ግን አራት ብቻ አደረጋት። ምክንያቱም «ኤስ» ስም ሁሉ ላይ ተለጥፋ ታበዛለች፤ ብትበዛ ኖሮ ሰነፉ ተጫዋች የሌላውን ቃል እያበዛ ነጥብ ይለቅም ነበር። ጋዜጣው የነገረው ስለ ቋንቋው ነበር፤ ስለ ጨዋታው የነገረው ጠረጴዛው ነው።

ገበታውን በንድፍ መሣሪያዎቹ ራሱ አሰመረ፣ ፊደላቱን እንጨት ላይ ለጠፈ፣ ከሚስቱና ከወዳጆቹ ጋር ዓመታት ተጫወተ። ኩባንያዎቹ ሁሉ መለሱት። በ1948 ጄምስ ብሩኖት የተባለ ሰው ተረክቦ አሁን ያለውን ስም አወጣለት፤ በ1949 እሱና ሚስቱ 2,400 ያህል ሠርተው 450 ዶላር ከሰሩ። ገበያው የደራው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የምነግራችሁ አንዳንዶቻችሁ ፊት ላይ «ስንት ያስገኛል?» የሚለውን ጥያቄ ስላነበብኩ ነው። መልሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ለገንዘብ ከሆነ ዶሮ አርቡ።

እንግዲህ የበትስን አሠራር ይዘን ወደ ራሳችን ፊደል እንምጣ። እኔ አሁን ቤቴ ውስጥ የያዝኩት ሥራ ይኸው ነው። የአማርኛ ፊደል 33 ነው፤ እያንዳንዱ ሰባት ቤት አለው፤ 231 ማለት ነው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ካርድ ብንሠራ እንኳ የሚያዝ አይደለም፤ ተጫዋቹም ሰባት ካርድ ይዞ አንድ ቃል ሳያገኝ ያድራል። ስለዚህ ካርዱ ላይ የምጽፈው ግዕዙን ብቻ ነው። ተጫዋቹ ካርዱን ሲዘረጋ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በፈለገው ቤት ያነበዋል። ሞክሼዎቹን ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ አደረግኋቸው፤ 28 ካርድ ቀረ፣ ከዚያ ለየካርዱ ብዛት መመደብ ነው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩ አንድ ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ፀሐይ ሠረቀችና ሌባ ሰረቀ አንድ ሊሆኑ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን እሳቸውም ተቀምጠው ከተጫወቱ በኋላ «ለጨዋታ ከሆነ ይሁን» ብለው ለቀቁኝ።

አሁን ቀረብ ብለን እንመልከተው። እጃችሁ ላይ ሰ፣ በ እና ረ አለ እንበል። ሰበረ ማለት ትችላላችሁ፤ ሰባራ፣ ሰባሪ፣ ሰበር፣ ስብርም ይሆናል። መ ከፊቱ ብትጨምሩ መስበር፣ ተ ብትጨምሩ ተሰበረ፣ ተን ወደ ኋላ ብትወስዷት ስብራት። በእንግሊዝኛው ጨዋታ ተጫዋቹ የሚጨነቀው ቃል በማጣት ነው፤ በእኛ ግን ቃሉ ይትረፈረፋል፣ ጭንቀቱ ምርጫው ላይ ነው። ስለዚህ የነጥቡ አሰጣጥ በትስ ካደረገው መለየት አለበት። ሦስት ካርድ ለዘረጋ ብዙ ነጥብ ከሰጣችሁ ጨዋታው በአፍታ ያልቃል።

ሌላው ደግሞ ቸ ናት። በጋዜጣ ብትቆጥሩ ብዙ ጊዜ ትመጣለች፤ ልጅን ልጆች፣ ወንበርን ወንበሮች፣ ቤትን ቤቶች ታደርጋለችና። ይህች ካርድ በእጁ ያለ ሰው የሌላውን ድካም በአንዲት ፊደል ይወስዳል። ጨዋታውን በምሞክርበት ጠረጴዛ ላይ አንዲት ተጫዋች ቸዎቹን አንድ በአንድ ከምራ ይዛ፣ ሌሎቹ ቃል እስኪሠሩላት ድረስ እየሣቀች ስትጠብቅ አየሁ። በዚያው ምሽት ቸን ወደ ሁለት አወረድኳት። በትስ «ኤስ»ን ያሳነሰበት ምክንያት በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ፊደል፣ እዚህ ተደገመ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የእህቴ ልጅ ያደረገችው ነው። ጠረጴዛው ላይ በና ተ «ቤት» ተብለው ተዘርግተዋል። ተራዋ ሲደርስ ምንም ካርድ አላነሣችም። በጣቷ ተን ነካ አድርጋ «ቤቱ» አለችና ነጥብ ጠየቀች። ሁሉም ጮኸባት፤ «ካርድ ሳትጥይ!» እሷም ደንቡን የጻፍኩበትን ወረቀት አንሥታ «ካርድ መጣል ግዴታ ነው የሚል የት አለ?» አለች። አልነበረም። ካርዱ በሰባቱም ቤት ይነበባል እስካልኩ ድረስ የተዘረጋውን ቃል በሌላ ቤት ማንበብም የተፈቀደ ነገር ነበር፤ እኔ አላየሁትም፣ እሷ አየችው። ክርክሩ ሲበርድ «እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ አንድ ጊዜ ብቻ ካርድ ሳይጥል ማንበብ ይችላል» የሚል ደንብ ጻፍን። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ያችን አንድ ዕድል መቼ እንደሚጠቀምባት ሲሰስት፣ ሲያደባ ነው የሚያመሸው። የጨዋታው ነፍስ እሷ ሆነች።

የምለው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ጨዋታ የሚፈጥር ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚሠራው፤ የቀረውን የሚሠሩት አብረውት የሚቀመጡት ናቸው፣ ያውም ሳያውቁት፣ አንዳንዴም ለማጭበርበር ሲሞክሩ። ሥዕል የሚሥል ሰው ብቻውን ጨርሶ ሊሰቅለው ይችላል። ደንብ ግን ሰው እስኪጫወትበት ድረስ ምን እንደሆነ ባለቤቱም አያውቀውም።

ስለዚህ ሙከራ ላይ ጥቂት ልበል። ጨዋታችሁን ለሰው ስትሰጡ ዝም በሉ። ዝምታው ከሁሉ ይከብዳል። ተጫዋቹ ሲሳሳት «እንደሱ አይደለም» ለማለት ምላሳችሁ ይበላችኋል፤ ያዙት። ጨዋታው ነገ ከእናንተ ርቆ ሲሄድ አብራችሁት አትሄዱም፤ ወረቀቱ ብቻውን መናገር አለበት። አንድ ሰው ስልኩን ሲያወጣ ልብ በሉ፤ ያኔ ተራው ረዝሞበታል ማለት ነው። ቀድሞ የተሸነፈ ሰው ዳር ተቀምጦ ሌላው እስኪጨርስ ሲያዛጋ ካያችሁ ያንን ደንብ አውጡት። ሞኖፖሊ እስከ ዛሬ የሚወቀስበት አንዱ ነገር ይህ ነው። በአንድ ሙከራ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሦስት ነገር አብራችሁ ብትለውጡ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ቤተሰቡን ሞካሪ ያደረገ ሰው ልጥቀስ፤ ጀርመናዊው ክላውስ ቶይበር በሙያው የጥርስ ቴክኒሻን ነበር። ሥራ ውሎ ሲመጣ ቤቱ ጨዋታ ይሠራል፣ ሚስቱና ልጆቹ ይሞክሩለታል። በ1995 ያወጣው ካታን በዚያው ዓመት የጀርመንን «የዓመቱ ጨዋታ» ሽልማት አገኘ። ገበታው 19 ባለ ስድስት ማዕዘን ቁራጮች ነው፤ በየጊዜው የሚደረደረው በተለያየ መልክ ስለሆነ ትናንት የተጫወታችሁበት ምድር ዛሬ የለም። ሁለት ዳይስ ይወረወራል፤ የወጣው ቁጥር ያለበት ቁራጭ አጠገብ የሰፈረ ያተርፋል። እዚህ ላይ አንድ ስሌት ከእኔ ያዙ፤ ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወራረድ አላቸው፣ ሰባት በስድስት መንገድ ይመጣል፣ ሁለት ግን በአንድ መንገድ ብቻ። ልጅ ሲጫወት ይህን በእጁ ይማረዋል። ደንብ አውጪው ግን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ሁለት ቁጥር ላይ የሰፈረው ምስኪን ሲጠብቅ ይመሻል።

ካርድ፣ ዳይስ ስል ፊታቸው የተኮሳተረ እናቶች አያለሁ። ገብቶኛል። በብዙ ቤት ካርታ ማለት ቁማር ማለት ነው፤ ደመወዙን ካርታ ላይ አፍስሶ የመጣ አባት ያየ ቤተሰብ ቢሸሸው አይፈረድበትም። እኔም ገንዘብ የሚጣልበት ጠረጴዛ አጠገብ አልቀመጥም። ግን አንድ ነገር ታዝቤያለሁ፤ ልጆች ራሳቸው በሠሩት ካርድ ሲጫወቱ ክርክራቸው ስለ ገንዘብ አይደለም፣ ስለ ፍትሕ ነው። «ይህ ደንብ ለሁላችንም እኩል ነው ወይ?» ብለው ይጣላሉ። ትልልቆቹ በየስብሰባው የማያነሡትን ጥያቄ አሥር ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ወለል ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩበት መስማት እኔን ያስደስተኛል።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። የጫማ ካርቶን፣ ማርከር፣ መቀስ፣ ኮላ በቂ ነው። ካርዶቹ እኩል እንዲሆኑ ከፈለጋችሁ አሮጌ የመጫወቻ ካርታ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፉ፤ በደንብም ይበወዛል። ለጠጠር ባቄላና ቆርኪ አለ። መጀመሪያ ላይ አታሳምሩት። በቀለም የተዋበ ካርድ መቅደድ ያሳዝናል፤ በእስክሪብቶ የተጫረውን ግን ያለ ርኅራኄ ትጥሉታላችሁ፣ መጣል ደግሞ የሥራው ግማሽ ነው። ሥዕል የሚችል ሰው በቤት ካለ በመጨረሻ ጥሩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በርሚንግሃም ውስጥ አንቶኒ ፕራት የተባለ ሙዚቀኛ ክሉዶ የተባለውን ነፍሰ ገዳይ የማፈላለግ ጨዋታ ሲፈጥር ገበታውን የሣለችለት ሚስቱ ኤልቫ ናት።

ከኋላ አራት ጠረጴዛዎች አሉ። በየጠረጴዛው ላይ የፊደል ካርዶቹን በጨርቅ ከረጢት አስቀምጫለሁ፤ አራት አራት ሆናችሁ ተቀመጡ፣ ከተቻለ ከማታውቁት ሰው ጋር። አንድ ያልወሰንኩት ደንብ አለ። የ፣ በ፣ ለ እና ከ ከስም ፊት ሲገቡ እንደ አዲስ ቃል ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ? «ቤት» ባለበት «ለቤት» ያለ ሰው ነጥብ ይገባዋል? በበሩ በኩል ያሉት ሁለት ጠረጴዛዎች ይፈቀድ ብለው ይጫወቱ፣ በመስኮቱ በኩል ያሉት አይፈቀድ ብለው። የትኛው ጠረጴዛ ቶሎ እንደሚሰለች፣ የትኛው እንደሚጨቃጨቅ እናያለን። እኔ መሐል ላይ ደብተሬን ይዤ እቆማለሁ። ደንቡ ካልገባችሁ አትጠይቁኝ፤ ወረቀቱ ላይ አለ።